አባቴ ሲመጣ የቁልፉን ድምፅ አዳምጥ ነበር፤ አሁን ልጄ የእኔን ያዳምጣል

ሌሊት_አንባቢ (ክር ከፋች) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

39 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሥራ አለኝ። ከውጭ ለሚያየኝ ምንም አልጎደለኝም።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰማኝ የቁልፉ ድምፅ ነበር። ቀስ ብሎ ከዞረ ሰላም ነው። ከተንኮሻኮሸ ደብተሬን ሰብስቤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። በሩ ሳይከፈት የአባቴን ውሎ አውቀው ነበር ማለት ነው። አልመታኝም። ይሄን ቀድሜ ልናገር፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። አልሰደበኝምም። ዝም ነበር የሚለው። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ። ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቀኑን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ምንም አላገኝም። ስለዚህ እንደገና እቆጥራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በሩ አልከፈት አለኝ። ቁልፉን ሁለት ሦስቴ አንገጫገጭኩት። ስገባ ሳሎኑ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ከኋላው ስዳስሰው ግን ገና ትኩስ ነው። ልጄ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። «ካርቱን እያየህ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ቁልፉ ተናዶ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም አልነበረኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። በትንሽ ነገር እበግናለሁ። የምወደው ነገር ሁሉ ደብዝዞብኛል። ሚስቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይሄ ከአባቴ ጋር ይገናኛል? ወይስ በ39 ዓመቴ ሰበብ እየፈለግኩ ነው?

---

ጥቁር_ሰሌዳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡58

«ቁልፉ ተናዶ ነበር።» ወንድሜ፣ ይሄን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሌላ የምለው የለኝም።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ ደግሞ አልስማማም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አባትህ አልመታህም፣ አልሰደበህም፣ አሳድጎ ለቁም ነገር አበቃህ። ሰውየው ደክሞት ነው ዝም ያለው። የዘንድሮ ሰው ሥራው አባቱን መክሰስ ሆነ። እኔ በቀበቶ ነው ያደግኩት። ይኸው ሰው ሆኛለሁ።

---

አድማጭ_ጆሮ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። በስክሪን ምርመራ አይደረግም፤ ስለዚህ እንደ አንድ አባል ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሌሊት አንባቢ፣ ሰበብ እየፈለግክ አይመስለኝም። የቁልፍ ድምፅ የሚያዳምጥ ልጅ ሥራ ላይ ነው። የቤቱን አየር ሲተነብይ ይውላል። (ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ጡረታም የለውም።) ካደገም በኋላ አያቆምም። የአለቃውን ፊት ያነባል፣ የሚስቱን ኮቴ ያነባል። የራሱን ስሜት ማንበብ ግን ማንም አላስተማረውም። ጊዜውም አልነበረውም።

ለዚህ ስም ወጥቶለታል፤ አሌክሲታይሚያ ይባላል። ፒተር ሲፍኒዮስ የተባለ ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሪክኛ ያበጀው ቃል ነው። ለስሜት ቃል ማጣት እንደማለት ነው። በኋላ ሮናልድ ሌቫንት የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ለዘብ ያለው ዓይነት በብዙ ወንዶች ላይ ይታያል፣ የሚያመጣውም አስተዳደግ ነው ብሎ ጻፈ። «አታልቅስ» እየተባለ ያደገ ልጅ ማልቀሱን ብቻ አይደለም የሚተወው። ምን እንደሚያስለቅሰው ማወቁንም ይተወዋል። ስለዚህ «ምንም» ስትላት እየዋሸሃት ላይሆን ይችላል። ፈልገህ አጥተኸው ነው።

«አልመታኝም፣ ታዲያ ምን አጣሁ?» የሚለውን ደግሞ ብዙ ወንዶች ይጠይቁኛል። ፖሊን ቦስ የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ነበር። ሞቷል ብለው አርፈው አያለቅሱ፣ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። ይሄን ያልለየለት ማጣት ልንለው እንችላለን። እሷ እንደምትለው ነገሩ ሌላም መልክ አለው፤ ሰውየው በአካል እዚያው እያለ በልቡ የሌለበት። ለሞተ አባት ይለቀሳል። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ አባት ማን ያለቅሳል? ልጁ ራሱ ማዘን እንደሚችል አያውቅም፤ ምክንያቱም አባት አለው።

እንግዲህ ዝምታው ከየት መጣ? ቀጥታ ተናጋሪ «ደክሞት ነው» ብሏል፤ ሊሆን ይችላል። ግን ታሞም ሊሆን ይችላል። የዘርፉ ሰዎችም ቢሆኑ አባትን ዘግይተው ነው ያዩት። ጆን ቦውልቢ የተባለ የእንግሊዝ ሳይካትሪስት በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ዝነኛ ጽሑፍ ስለ እናት እንክብካቤ ነበር። ማይክል ላም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 «አባቶችን ረሳናቸው» የሚል መልእክት ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብዙው ጥናት እናትና ልጅ ላይ ነበር። በ2005 ደግሞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ወጣ። ልጁ በተወለደ ሰሞን አባትየው ድባቴ ከነበረበት፣ ልጁ 3 ዓመት ተኩል ሲሆነው የባሕርይ ችግር የማሳየት ዕድሉ ከፍ ይል ነበር። በወንዶቹ ላይ ይበልጥ ጎልቷል። የእናትየውን ድባቴ ለይተው አስልተውም ውጤቱ አልጠፋም። የትናንት ዝምተኛ አባቶች ስንቶቹ ያልታከሙ በሽተኞች እንደነበሩ ሳስብ ልቤ ይሰበራል። ይሄን የምለው ለልጆቹም ለአባቶቹም ነው።

እና አንድ ነገር። ሌሊት መንቃት፣ መብገን፣ የሚወዱት ነገር መደብዘዝ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በወንድ ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ እንባ ሆኖ አይመጣም። ብስጭት ሆኖ ነው የሚመጣው። ወይ መጠጥ። ወይ ከሥራ አለመውጣት።

---

የሦስት_እናት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ባሌም «ሰው ሆኛለሁ» ይላል። እሱም በቀበቶ ነው ያደገው።

የእኛን ቤት ልንገርህ። ማታ መኪናውን በር ላይ ያቆማል። ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ ውስጡ ይቀመጣል። 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። በመስኮት አየዋለሁ። ስልክ አይነካም፣ ሬዲዮ አይከፍትም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያያል። መጀመሪያ ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ወጥቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። «ልጆቹ ላይ እንዳልጮህ ነው» አለኝ። አባቱ በገባ ቁጥር ይጮህ ስለነበር እሱ መጮሁ እስኪወጣለት ውጭ ይቆያል።

ጥሩ ሰው ነው። በጣም ጥሩ ሰው ነው። ግን ልጆቹ አባታቸው በር ላይ ቆሞ ለምን እንደማይገባ ግራ ይገባቸዋል። ትንሿ «አባዬ እኛን አይወደንም?» ብላኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

---

ቁጥር_ወዳድ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ቀበቶውን በተመለከተ። ሥራዬ ከጤና መረጃ ጋር ስለሆነ ይሄን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 አሜሪካ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር። ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች የመሩት ነው። ድብደባ፣ ስድብ፣ እናት ስትመታ ማየት፣ ጠጪ ቤተሰብ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት የቤት ሰው እና የመሳሰሉት። በ1998 በወጣው የመጀመሪያ ውጤት፣ ከእነዚህ ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለመጠጥ ሱስ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ግን ቁጥሩን በትክክል አንብቡት። ስለ ብዙ ሰው ይናገራል እንጂ ስለ አንተ አይናገርም። አራት የደረሰበት ሁሉ አይታመምም። ቀጥታ ተናጋሪ በቀበቶ አድጎ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ቀበቶው ጥሩ እንደነበር አያሳይም። ሲጋራ እያጨሱ 90 ዓመት የኖሩ ሰዎችም አሉ።

---

ስሜን_አትጠይቁኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡11

እኔስ? አባቴ የሞተው አራት ዓመቴ ላይ ነው። ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ተጠቅልሎ፣ ክንዱ ላይ ያለው ሰዓት። ፊት የለውም። እጅና ሰዓት ብቻ።

ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ይለኛል። ማንም ተቆጥቶ እንደሚያውቅ፣ ተሳስቶ እንደሚያውቅ ነግሮኝ አያውቅም። 34 ዓመት ከአንድ ፎቶ ጋር ስወዳደር ኖርኩ። ፎቶ ደግሞ አይሳሳትም። ባለፈው ዓመት እሱ የሞተበትን ዕድሜ አለፍኩ። ያን ሰሞን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሥራ መሄድ አቃተኝ። ከአባቴ የበለጥኩ ያህል ጥፋተኝነት ተሰማኝ። እንዲህ የሆነበት ሌላ ሰው አለ?

---

ጥቁር_ሰሌዳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

አለ። እኔ። 51 ዓመት ከ2 ወር ሲሆነኝ። በካሌንደር ላይ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

---

ስሜን_አትጠይቁኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡27

ወይኔ። እኔም ምልክት አድርጌ ነበር።

---

ጡረተኛው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። ይሄን መድረክ ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት። የምትከሱት ወገን እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ልናገር።

ልጄ ሌላ አገር ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ይደውላል። አንዳንዴ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። «ደህና ነህ?» እለዋለሁ። «ደህና ነኝ» ይለኛል። «ሥራ ደህና?» «ደህና።» ከዚያ «ቆይ እናትህን ላቅርብልህ» እላለሁ። ይሄው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ። ከዚያ ግን አልሄድም። ከእናቱ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ እሱ የሚላትን ሁሉ እሰማለሁ። ሲስቅ እስቃለሁ። እሱ መቀመጤን አያውቅም።

ለምን አላወራውም? ምን ብዬ? የእኔ አባት ለእኔ የነገረኝ ነገር ቢኖር ቃሉን ከእሱ እበደር ነበር። ፍቅር ማለት ለእኔ ሠርቶ ማምጣት ነበር። ሠርቼ አመጣሁ። ልጁ ሌላ ነገር ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የማመጣው ነገር ሲያልቅ እጄ ባዶ ሆነ።

ሌሊት አንባቢ፣ አባትህ በሕይወት አለ?

---

ሌሊት_አንባቢ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጋሼ፣ አለ። 74 ዓመቱ ነው። ስደውል እሱም «እናትህን ላቅርብልህ» ይላል። እርስዎ የጻፉትን ሳነብ መጀመሪያ እሱ መስለውኝ ደነገጥኩ።

አጠገቧ ይቀመጣል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

---

በሩ_ተዘግቷል · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ጋሼ ጡረተኛውን አከብራለሁ። ግን ይሄ ክር ወደ «አባትህን ደውልለት» እየሄደ ስለሆነ አንድ ሰው ይሄን መናገር አለበት። የእኔ አባት ወንበር ስቦ የሚያዳምጥ አልነበረም። እናቴን ሆስፒታል ያስተኛ፣ የእኔን ክንድ የሰበረ ሰው ነው። ስምንት ዓመት አላናገርኩትም። በስምንቱ ዓመት ውስጥ መጠጥ አቆምኩ፣ መተኛት ቻልኩ። «ይቅር በለው፣ ይቀልልሃል» ያለኝ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። አልደወልኩም፤ ግን ቀለለኝ። ሁሉም በር መከፈት የለበትም።

---

አድማጭ_ጆሮ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

በሩ ተዘግቷል፣ እስማማለሁ። መዳን እርቅን አይጠይቅም። ይቅርታ ቢመጣም የሕክምናው መግቢያ ክፍያ አይደለም። የሚጎዳ ሰው ጋር ተመለሱ ብሎ የሚገፋ አማካሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሜሪ ሜይን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው የምትጠይቅበት ቃለ መጠይቅ ነበራት። ትኩረቷ የነበረው ምን እንደደረሰባቸው ሳይሆን እንዴት እንደሚተርኩት ነው። ክፉ ልጅነት ያሳለፉ፣ ግን ታሪካቸውን ሳያሳምሩ፣ ሳይሸሹና ሳይሰምጡበት መናገር የሚችሉ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ከእነሱ ጋር የተረጋጋ ቁርኝት የመመሥረት ዕድላቸው ጥሩ ነበር። «አባቴ ምርጥ ሰው ነበር» ብለው ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር የሚያጡት ነበሩ የሚያሰጉት። ለዚህ አባትየው በሕይወት መኖሩ ግድ አይደለም። ስልክ ማንሳትም የለበትም። ታሪኩ የእናንተ ነው።

የሦስት እናት፣ ባልሽ መኪና ውስጥ መቀመጡ እኮ ትልቅ ነገር ነው፤ አባቱ ያላደረገውን እያደረገ ነው። የጎደለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይመስለኛል። ሲገባ ለልጆቹ «ድካሜን ውጭ ላራግፍ ብዬ ነው የቆየሁት» ቢላቸው ትንሿ ያን ጥያቄ አትጠይቅሽም ነበር። ልጅ ያልተነገረውን ባዶ ቦታ በራሱ ጥፋት ነው የሚሞላው።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡05

ሁሉንም አነበብኩ። አባትን መክሰስ አሁንም አልወድም፤ እዚያ ላይ አልተለወጥኩም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከስድስት ወር ወዲህ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። ትንፋሽ ያጥረኛል። ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄጃለሁ። ልቤ ተመርምሮ «ደህና ነህ፣ ጭንቀት ነው» ተባልኩ። ተናድጄ ወጣሁ። ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለኝ? እንደዚህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የ9 ዓመቱን ልጄን የቤት ሥራ ሳሠራ ነው። ሲሳሳት እጄ ወደ ወገቤ ይሄዳል። በቀበቶ መትቼው አላውቅም። እጄ ግን ይሄዳል።

---

የሦስት_እናት · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡09

ወንድሜ፣ ይሄን መጻፍህ ራሱ ቀላል አይደለም። ትናንት ስመልስልህ ትንሽ አከረርኩት፣ ይቅርታ።

---

አድማጭ_ጆሮ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ልብህን ማስመርመርህ ትክክል ነው፤ ደረት ሲጨምቅ ያ ነው የሚቀድመው። ልብህ ደህና ከሆነ ግን «ጭንቀት ነው» ማለት «ምንም አይደለም» ማለት አይደለም። የሚታከም ነገር ነው። ስትሄድ ልክ እዚህ እንደጻፍከው ንገራቸው። የቤት ሥራውን ንገራቸው። እጅህን ንገራቸው። ማንንም መክሰስ አይጠበቅብህም።

---

ሌሊት_አንባቢ (ክር ከፋች) · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ምን ደረሰ ላላችሁኝ።

ሐኪም አየኝ። መካከለኛ ድባቴ ነው አለኝ። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን «አሁን ምን ይሰማሃል?» ስትለኝ «ክፍሉ ሞቃት ነው» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ተሻሽያለሁ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። እሱ አነሳ። «እናትህን ላቅርብልህ» አለ። «አይ፣ አንተን ፈልጌ ነው» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም ነበር። ከዚያ «የመኪናህን ጎማ በቅርብ አስነፍተኸዋል?» አለኝ። አላስነፋሁም አልኩት። ስለ ጎማ አራት ደቂቃ አወራን። ምን ያህል መነፋት እንዳለበት፣ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚረግብ፣ ስፔሩም መታየት እንዳለበት። በሕይወታችን ረጅሙ የስልክ ወሬ ነው። ስለ ዝምታው አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን እጠይቀው ይሆናል፤ ላልጠይቀውም እችላለሁ።

ትናንት ደግሞ ከሥራ በጣም ተበሳጭቼ መጣሁ። ቁልፉ እንደገና አልዞር አለ፤ አንገጫገጭኩት። (በሩን ማሠራት አለብኝ፣ አውቃለሁ።) ስገባ ልጄ ሪሞቱን ይዞ ተነሥቷል። «ሥራ ቦታ ተናድጄ ነው የመጣሁት። በአንተ አይደለም። በሩም ተበላሽቷል» አልኩት። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ካርቱኑን ቀጠለ። ጫማዬን ሳወልቅ ዞር ብሎም አላየኝም።

---

ጡረተኛው · እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡41

ለመሆኑ ጎማውን አስነፋኸው?

---

ሌሊት_አንባቢ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡44

ገና ነኝ ጋሼ።

---

ጡረተኛው · እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡45

አስነፋውና ደውለህ ንገረው።